የያዘ አይወቅ፣ ያወቀ አይያዝ

ያገሬን ስም አልናገርም። ብናገረው የሚያውቁት ይቆጡኛል፤ የማያውቁት ደግሞ ደህና አገር መስሏቸው ይመጡ ይሆናል፣ የእነሱን ኩነኔ አልሸከምም። ብቻ አገር ነው። ዝናብ ይዘንብበታል፣ ሰው ይወለድበታል፣ በመሃሉም አንድ ትልቅ ቤት አለ። ቤቱን «ትልቁ ቤት» እንለዋለን፤ ሌላ ስም ለማውጣት ማንም አልደከመም። ከተማው ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው። ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጸሐፊው፣ ሚዛን ያዡ፣ ሁሉም ጠዋት በየክፍሉ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ በሩም ብዙ ነው። በሮቹ የብረት ናቸው፤ ገፋ ሲያደርጓቸው ራሳቸው ይቆለፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ቁልፍ ከውጭም ከውስጥም አይከፈቱም።

ስሜ ቢተው ነው። ሚስቴ ደብሪቱ ትባላለች። እሷ ምድር ቤት ካለው የጆንያ ክፍል ቁጭ ብላ የተቀደደ ጆንያ ትጠግን ነበር። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ አየር የሚገባው ከብረቱ በር ሥር ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያዥ ነበርኩ። ያዥ ምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ፣ እኔም ቸኩዬ ያተረፍኩት ነገር የለም።

ዱሮ የክፍሎቹ ቁልፎች በዋናው በር አጠገብ ካለ ሳንቃ ላይ፣ በሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ይውሉ ነበር። የፈለገ ያነሳል፣ የጨረሰ ይመልሳል። ጥሩ ነበር አልልም። አንዱ ቁልፉን ኪሱ ረስቶት ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላው ከሥራ ሲሰናበት ይዞት ይቀራል፤ አንዳንዱ ብልጥ ደግሞ ለአማቹ አስቀርጾ ይሰጣል። ጠዋት ስትመጣ በርህ ወለል ብሏል፣ መቀስህ የለም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? እኔ ራሴ ኮቴ ተሰርቆብኝ በማግስቱ ሰው ለብሶት «እንደምን አደርክ» ብሎኛል። ስለዚህ ቁልፍ ሥርዓት ይያዝለት ሲባል የተቃወመ አልነበረም። ነገሩ ሲጀመር ክፋት የለበትም፤ ይህን ለእውነት ስል እናገራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው የቤቱ የበላይ የሚቀመጡበት ትራስ የጠፋ ዕለት ነው። መቀስና ኮት ሲጠፋ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት ሰውዬ፣ አንድ ቀን ደረቅ እንጨት ላይ ቢቀመጡ በማግስቱ ጉባኤ ጠሩ። በጉባኤውም አጥናፉ የሚባል ሰው «ሊቀ ቁልፍ» ተብሎ ተሾመ። ሊቀ ቁልፍ አጥናፉ ትሑት ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው ሲያናግር ከመቀመጫው ይነሳል፣ የታመመ ይጠይቃል። ምነው ክፉ ሰው በሆነ ኖሮ! ክፉ ሰው ቢያንስ ይደክመዋል።

ጉባኤው ፊት ቆሞ እንዲህ አለን፦

«ወገኖቼ፣ ቁልፍ ብቻውን ብረት ነው። በር ማወቅም ብቻውን ወሬ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ያን ጊዜ ሌባ ይወለዳል። ስለዚህ ከእንግዲህ የያዘ አይወቅ፣ ያወቀ አይያዝ።»

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ አነጋገሩ ያምር ነበር።

ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን «ያዥ» ተባልን። ያዥ ቁልፍ በአንገቱ ያንጠለጥላል፣ የየትኛው በር እንደሆነ ግን አያውቅም፣ ለማወቅም መሞከር የለበትም። ሌሎቹ «ዐዋቂ» ተባሉ። ዐዋቂ ሰውን ወደ በሩ ይመራል፣ ቁልፍ የሚባል ነገር ግን አይነካም። ቁልፉንና በሩን የምታገናኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እማማ የሺመቤት፤ «አገናኝ» አሏቸው። የየትኛው ያዥ ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ በጭንቅላታቸው የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። በጽሑፍ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል፤ ጽሑፍ ይሰረቃላ።

ጠዋት በር ሲከፈት ብታዩ! ደብሪቱ መጥታ «የጆንያ ክፍል» ትላለች። እማማ የሺመቤት ያዡን ለብቻው ያስጠራሉ፤ ያዡ ዓይኑን በጨርቅ ይታሰራል፣ ማን እንደሆነ እንዳይለይም ጋቢ ይከናነባል። ዐዋቂው ጆሮውን በጥጥ ይደፍንና በእጁ እየጎተተ፣ አቅጣጫው እንዲጠፋው ኮሪደሩን አዙሮ አዙሮ በሩ ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ ዐዋቂው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ቁልፉን እንዳያይ። ያዡ እየዳበሰ ይከፍታል፣ ሠራተኛዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ማታም እንደዚሁ። አንዱ ታውሮ አንዱ ደንቁሮ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየተጋጨ «ይቅርታ» ይባባላል። ጊዜ ሲያልፍ የዓይን ጨርቁ ራሱ ማዕረግ ሆነና ሀብታም ያዦች ባለ ጥልፍ ማሰር ጀመሩ። እኔ የደብሪቱን አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ነበር የማስረው።

ደግሞ አይካድም፣ ስርቆት ቆመ። መቀስ የጠፋበት ሰው አልነበረም። ሰው ወደ ሥራው ሲደርስ ቀኑ እኩል ሆኖ፣ ሊሠራበት መቀስ የሚያነሳም ስላልነበረ ይሆናል።

አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ሳሙና ጠፋ። ሊቀ ቁልፍ አጥናፉ ጉዳዩን አሰበበት። መያዝና ማወቅ ከተለያዩ ሌባ ሊኖር አይችልም፤ ሳሙና ግን ጠፍቷል፤ እንግዲያው ሁለቱ የተገናኙበት ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ማን ነው? እማማ የሺመቤት።

«እማማን አንጠረጥርም፣ ከጥርጣሬ እናድናቸዋለን እንጂ» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ስለዚህ በክብር እንዲያርፉ ተወሰነ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፣ ካባ ለበሱ፣ ተዘፈነላቸው፤ በመጨረሻም የሚያውቁትን ሁሉ ሊረሱ በልጆቻቸው ስም ማሉ። ሳሙናው አልቆ ነው እንጂ እንዳልተሰረቀ የተነገረን ካባው ከተለበሰ በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ድግሱ ላይ ነበር። ደብሪቱ ግን ድግስ አትወድም። «ግማሽ ጆንያ ቀርቶኛል፣ ጨርሼ እወጣለሁ» ብላ ቀረች። ማታ ሰው ሲበተን ባያት ባያት የለችም። ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ በሩን መታሁ።

«ደብሬ!»

«አቤት! የት ጠፍተህ ነው አንተ? እግሬ እኮ ደነዘዘ።»

«እማማ የሺመቤትን ሸለሟቸው።»

«እሰየው፣ ደግ አደረጉ። ያዡን ጥራልኝና ልውጣ።»

«ያዡን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ… እንዲረሱ አስማሏቸው።»



«ምኑን ነው የሚረሱት?»

«ሁሉንም።»

«እኔንም?» አለችና ሳቀች። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ አንድም በር አልተከፈተም። ሸማኔው ግቢ ውስጥ እንጨት ተከለ፣ ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ መጻፍ ጀመረ፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ጣሪያ ሥር ይጠጋል። ሊቀ ቁልፍ «ቤቱ እንደ ዛሬ ተጠብቆ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ማን ይገባል? አዲስ አገናኝ ለመሾም ጉባኤው ተቀመጠ፤ ግን አገናኙ ሳያውቅ እንዴት እንደሚያገናኝ መላው ስላልተገኘ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

የእኔ ሚስት ግን ውስጥ ናት፤ የአንገቴን ቁልፍ በስውር ሞክሬው አልዞረም። ከበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ቆሎ እገፋላታለሁ። ለውሃው ጨርቅ ነክሬ በክፍተቱ እሰዳለሁ፣ ከወዲያ ጨምቃ ትጠጣለች። «ወይ ቢተው፣ ጥጃ አደረግኸኝ!» ትላለች። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጆንያ ደራርባ ትተኛለች፤ ትስላለች። ሳሏ እየዋለ እያደረ እየከበደ ሄደ።

ሊቀ ቁልፍ ዘንድ ሄድኩ። ከመቀመጫው ተነሳልኝ።

«ጌታዬ፣ ያዦች ሁሉ ይምጡና ቁልፋቸውን እዚያ በር ላይ ይሞክሩ። አንዱ መክፈቱ አይቀርም» አልኩት።

«አቶ ቢተው፣ አዝንልሃለሁ» አለኝ፤ አዝኖም ነበር። «ግን አስበው። የከፈተው ሰው የበሩን ቁልፍ ዐወቀ ማለት ነው። ያልከፈቱትም ቁልፋቸው የዚያ በር አለመሆኑን ዐወቁ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ዐዋቂ ይሆናል። ከዚያ ምን ቀረን?»

«እንግዲያስ በሩን ልስበረው!»

«በር ከተሰበረ በስተጀርባው ያለው ሁሉ እንደ ተሰረቀ ንብረት ይቆጠራል። ሕጉን ታውቃለህ። የተሰረቀ ንብረት ሌባው እስኪገኝ ድረስ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ባለቤትህን ከአንድ ክፍል አውጥተህ ወደ ሌላ ክፍል ልታስገባት ነው?»

እሱ ግን በእኔ አልፈረደም፤ «የጨነቀው ሰው ብዙ ያስባል» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝና፣ ለእኔው ደህንነት ብሎ በምድር ቤቱ ደረጃ አፍ ላይ ሁለት ዘበኞች አቆመ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሚስቴ የምወርደው የአንገቴን ቁልፍ ለእነሱ አስረክቤ ሆነ።

እማማ የሺመቤት ቤት ሄድኩ። ድንጋይ ተሸክሜ ደጃፋቸው ላይ ወደቅሁ። አሮጊቷ ካባቸውን እንደለበሱ ወጡ፣ ሲያዩኝ አለቀሱ።

«ተነስ፣ ኧረ ተነስ ልጄ፣ ድንጋዩን አውርድ!»

«ያዡን ይንገሩኝ እማማ። የአንድ ሰው ስም ብቻ። ደብሪቱ እየሞተችብኝ ነው።»

«በልጆቼ ነው ያስማሉኝ። አራስ በሆነችው ልጄ ጭምር። በሩ ትዝ ሲለኝ እጸልያለሁ፣ ስሙ አፌ ላይ ሲመጣ ሌላ ነገር አወራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሁን ብዙው ጠፍቶብኛል። ያልጠፋውንም ብነግርህ መሐላው ልጆቼን ይበላብኛል። አንተ ብትሆን ታደርገዋለህ?»

ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ አላደርገውም። ትኩስ ዳቦ ቆርሰው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ለደብሪቱ። ዳቦው በክፍተቱ አላልፍ ብሎ ቆራርሼ ፍርፋሪውን ገፋሁላት።

ከተማው ማጉረምረም ጀመረ። «ሴትዮዋ ምን አድርጋ ነው?» የሚል ሰው በዛ፤ ለማልቀስ የሚመጡ ዘመዶቿም ግቢውን ሞሉት። የጆሮ ዕረፍት ያጣው ጉባኤ በመጨረሻ ሙከራ ይደረግ ብሎ ፈቀደ። ሊቀ ቁልፍ አስጠርቶ ሥርዓቱን አስረዳኝ።

ያዦች ሁሉ ዓይናቸው ይታሰራል፤ እኔም ጭምር። ሁላችንም በየበሩ ስለምናልፍ መከናነቡ ቀርቷል። ዐዋቂዎች ጆሯቸውን ደፍነው በየበሩ ያዞሩናል። በየደረስንበት በር ቁልፋችንን እንሞክራለን፤ የጆንያው ክፍል ከብዙዎቹ አንዱ ይሆናል፣ የትኛው እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። ቁልፉ የዞረለት ያዥ ወዲያው መልሶ ይቆልፋል፣ ለማንም አይናገርም።

«ታዲያ መቼ ነው የምትወጣው?» አልኩ።

«ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ቁልፉ በእርግጥ መኖሩ የሚረጋገጥበት። በሁለተኛው ዙር ይከፈታል።»

«በሁለተኛው ዙር ማን እንደሚከፍት በምን ይታወቃል?»

«እሱን በሁለተኛው ዙር እናየዋለን።»

ሰው ካልጨነቀው ይህን መልስ ሰምቶ ይስቃል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም እሺ አልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለኝ ሊቀ ቁልፍ። «ባለቤትህ ድምፅ ካሰማች ያዡ በሩን ያውቀዋል። ስለዚህ ትንፍሽ እንዳትል። ደፉንም እንዳትሻገር። አንዱን ካደረገች ሙከራው ከንቱ ይሆናል፤ እሷም እንደ ተሰረቀ ንብረት ትያዛለች።»

ወርጄ ነገርኳት። ወለሉ ላይ ተጋድሜ አፌን ክፍተቱ ላይ አድርጌ ነው የምናገረው፣ እሷም ከወዲያ እንደዚያው።

«እኔ ደብሪቱ ዝም ልል?» አለች እየሳለች። «አባቴ ያቃተውን፣ አንተ ያቃተህን?»

«ለአንድ ቀን ብቻ። እባክሽን።»

«ሳሉስ?»

«ጆንያ አፍሽ ላይ አድርጊ።»

«እሺ በቃ። ስወጣ ግን እነግርሃለሁ፣ ለስንት ጊዜ የሚሆን ወሬ እንዳጠራቀምኩ።»

ሙከራው ተደረገ። የደብሪቱን ነጠላ ዓይኔ ላይ አሰሩት፤ አንድ እጅ እየጎተተ አዞረኝ። በር ነክቼ ቁልፌን አገባለሁ፣ አይዞርም፣ እጎተታለሁ፤ እንደገና በር፣ እንደገና አይዞርም። ደረጃ የወረድኩም የወጣሁም ይመስለኛል። በየበሩ ፊት ስቆም ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ፣ ሳል ይሰማኝ እንደሆነ። ምንም የለም። የእኔ ቁልፍ የትም ሳይዞር ቀረ። ማታ ጨርቁ ሲፈታልኝ ሊቀ ቁልፍ ፊቱ በርቶ «ሙከራው ያለ እንከን ተፈጸመ» እያለ የሁሉንም እጅ ይጨብጥ ነበር።

ወደ ምድር ቤት ሮጥኩ።

«ደብሬ! አሁን ተናገሪ፣ አልቋል።»

ስትመልስ ድምፅዋ የሷ አልመሰለኝም።

«ተከፍቶ ነበር፣ ቢተው።»

«ምኑ?»

«በሩ ነዋ! ወለል አለ እኮ። ብርሃን ገባ። ዓይኑን የታሰረ ሰው ደፉ ላይ ቆሟል። ጋሼ ባይከዳኝ ናቸው፣ ጎረቤታችን፤ ያቺን ባለ ጥልፍ ጨርቃቸውን አስረዋታል፣ በጺማቸው ለየኋቸው። ዐዋቂው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። እኔ እዚህ ጆንያው ላይ ነኝ። እጄን ዘረጋሁላቸው። ብተነፍስ ሁሉ ከንቱ ይሆናል ብለኸኝ የለ? ጆንያውን አፌ ላይ ይዤ፣ እጄን እንደዘረጋሁ… ጋሼ ባይከዳኝ ትንሽ ቆሙ፣ ሽታውን የለዩ መሰለኝ፣ ከዚያ በሩን መልሰው ቆለፉት።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ግንባሬን ብረቱ ላይ እየመታሁ። የከፋኝን ያህል ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ምክንያቱም አሁን ያዡ ታወቀ!

ጋሼ ባይከዳኝ ቤት በርሬ ገባሁ። እራት ቀርቦላቸው ነበር። ስነግራቸው ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ።

«የኔ ቁልፍ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ቦታ ዞሮልኛል። የጆንያ ሽታ ሸተተኝ። ሕጉ ቆልፍ ስለሚል ቆለፍኩ። ውይ ደብሪቱ! ውይ እኔ! ተነስ፣ ተነስ እንሂድ፣ አሁኑኑ!»

ቀጥ ብለን ወደ በሩ እንዳንሄድ ዘበኞቹ ቁልፍ ይዞ የሚወርድን አያሳልፉም። ስለዚህ ሊቀ ቁልፍ ቤት ሄድን። ሽማግሌው በመንገድ ላይ እጄን ይዘው እንደ ልጅ ይሮጡ ነበር፣ «እኔ ራሴ ነኝ የምከፍትላት፣ እኔው ራሴ» እያሉ።

ሊቀ ቁልፍ አጥናፉ ሁሉንም ሰማ። አላቋረጠንም። ስንጨርስ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ቁልፉን» አለ። ጋሼ ባይከዳኝ ከአንገታቸው አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ሰጡት።

«ይህን ስላመጣችሁ አመሰግናለሁ» አለን። «ቁልፉንም በሩንም የሚያውቁ አሁን ሦስት ሰዎች አሉ፤ እናንተ ሁለታችሁና ሴትዮዋ። የታወቀ ቁልፍ የተሰበረ ቁልፍ ነው። እንዲህ ያለው ቁልፍ አንድ ሌሊት እንኳ ማደር የለበትም።»

አንጥረኛው ከግቢው ማዶ ነበር፤ ምድጃው አልጠፋም። አስጠራውና ቁልፉን እሳት ውስጥ ጨመረው። እኔ ምን እየሆነ እንደሆነ የገባኝ ብረቱ ቀልቶ ሲተጣጠፍ ነው። ጋሼ ባይከዳኝ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እዚያው እንደተቀመጡ አዲስ ቁልፍ አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው፤ የየትኛው በር እንደሆነ አይታወቅም።

የአንጥረኛውን መዶሻ አንስቼ ሮጥኩ። የተሰረቀ ንብረት ትባል፣ የፈለጉትን ይበሏት፣ ብቻ ከዚያ ትውጣ! ደረጃው አፍ ላይ ዘበኞቹ ወደቁብኝ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። እጄን የኋሊት ሲያስረኝ «አታስጨክነኝ ቢተው፣ እኔም ልጆች አሉኝ» እያለ ያለቅሳል። ታስሬ አደርኩ።

ጠዋት ጉባኤው ተሰበሰበ። የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ምስጢሩ በምን በኩል ወጣ? ያዡ አላየም፣ ዐዋቂው አልሰማም፣ ዘበኞች አላሳለፉም። ታዲያ በምን በኩል ወጣ? እኔን ጠየቁኝ፣ አልነገርኳቸውም። አንዱ ዐዋቂ ግን ተነስቶ በሩ ሥር ክፍተት እንዳለ ተናገረ። ጉባኤው በሙሉ እፎይ አለ። ግንበኛ ተጠራ።

ሊቀ ቁልፍ አጥናፉ ሰው ነው ብያችኋለሁ። «ባለቤቱን ይሰናበት፣ ሰብአዊነት ነው» ብሎ እጄ እንደታሰረ ወደ ምድር ቤት እንዲያወርዱኝ አዘዘ። በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ግንበኛው በባልዲ ጭቃ ለውሷል፤ እኔን ማየት አቅቶት ዓይኑን ከባልዲው አይነቅልም። በታሰረ እጄ ምንም ማድረግ አልችል፤ ተንፏቅቄ ጉንጬን ወለሉ ላይ አስጠጋሁ።

«ደብሬ።»

«መጣህ? ሌሊቱን ስጠብቅህ። ምን አሉ? ጋሼ ባይከዳኝን አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው።»

«እሳቸው ደግ ናቸው። አሳዘኑኝ፣ ምን ያድርጉ ዓይናቸው ታስሮ። እንዳይጸጸቱ ንገራቸው።» ሳለች፣ ሳሉ ረጅም ነበር። «ቤቱን ጠርገኸዋል? እንዲሁ ትተኸው እንደሆን አላውቅልህም። ውሃ ሞቅ አድርገህ ጠብቀኝ፣ ገላዬ ጆንያ ጆንያ ይሸታል።»

«አሞቅልሻለሁ።»

ግንበኛው ከክፍተቱ ጥግ ላይ ድንጋይ አስቀመጠና የጭቃ ማንኪያውን ባልዲው ላይ ፋቀ። ከዚያ ወለሉን መፋቅ ጀመረ፤ ድምፁ ምድር ቤቱን ሞላው።

«ምንድነው የሚፋቀው?» አለች። «ቢተው? በሩን ነው?»

ግንበኛው እጁን አቆመና አየኝ። ዘበኞቹም አዩኝ። እውነቱን ብነግራት ምን ልታደርግ? በየትኛው ጉልበቷ ልትጮህ? ማን ሊሰማት?

«አዎ» አልኳት። «በሩን እየሠሩልሽ ነው።»

«ሊከፍቱልኝ?»

«ሊከፍቱልሽ።»

«ተመስገን» አለች ደብሪቱ።

ግንበኛው ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ለጠፈ።